ሥራ ያጡ ነርሶችና ነርስ ያጡ ጤና ጣቢያዎች፤ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የአዲስ ምሩቃን ነርሶች የሥራ ሁኔታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




በአምቦ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዛሬ ሁለት አቤቱታዎች ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንደኛው ከአዲስ ምሩቃን ነርሶችና ከወላጆቻቸው የሚመጣው ነው፤ ይኸውም ሦስትና አራት ዓመት ተምረው ዲፕሎማና ዲግሪ የያዙ ልጆች የሚቀጥራቸው አጥተው እቤት ተቀምጠዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከገጠር ታማሚዎችና ከጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚመጣው ነው፤ በሌሊት ለመጣች ወላድ የሚደርስ ሰው ይጠፋል፣ አንዲት ነርስ የሦስት ሰው ሥራ ትሸከማለች የሚል ነው። ለሰሚው ሁለቱ አቤቱታዎች እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ይመስላሉ። ነርስ ከበዛ ታማሚው ለምን ያጣል? ነርስ ካነሰስ ምሩቁ ለምን ሥራ ይፈታል? የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱም አቤቱታዎች እውነት መሆናቸውን፣ ምንጫቸውም አንድ መሆኑን ማስረዳት ነው።

የመሐንዲሶች ስብሰባ ስለ ነርሶች ሥራ መነጋገሩ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጉዳዩ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ የታወቀ ዓይነት ችግር ነው። ግድብ ተገንብቶ ኃይል ቢመነጭ፣ የማስተላለፊያ መስመርና የማከፋፈያ ጣቢያ ግን ባይኖር፣ በአንድ ወገን ተጠቃሚ ያጣ ኃይል፣ በሌላው ወገን በኩራዝ የሚያመሽ መንደር ይኖራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ኃይል በዝቷልና ተርባይኑ ይቁም የሚል ባለሙያ አይገኝም፤ የጎደለው መስመሩ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በነርሶችም ረገድ የጎደለው መስመር የትኛው እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

፩. አገሩና መንገዱ

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረች፣ በፍል ውኃዋና በጠርሙስ በሚታሸገው ማዕድን ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 48,171፣ የምዕራብ ሸዋ ዞን ሕዝብ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ብዙ ጨምሯል።

ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ ከአምቦ ቀጥሎ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን ያገኛል። ከአውራ ጎዳናው ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ጀልዱና ግንደበረት፣ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ጥቁር እንጭኒ አሉ። በአምቦ አንድ ጠቅላላ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ይገኛሉ፤ በጌዶ፣ በግንደበረት፣ በጀልዱ፣ በእንጭኒ፣ በጉደርና በባኮም ሆስፒታሎች ተከፍተዋል። ከእነርሱ በታች በየወረዳው ጤና ጣቢያዎች፣ በየቀበሌው ጤና ኬላዎች አሉ።

አምቦ የእርሻ ትምህርት ቤቷ ከተከፈተበት ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ከተማ ናት። ያ ትምህርት ቤት እያደገ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የጤና ሳይንስ ትምህርትም ታከለበት። ከዚህም በላይ በአዲስ አበባና በየዞኑ ከተሞች የግል ኮሌጆች የደረጃ 4 ነርሶችን ያሠለጥናሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ምሩቃን የሚሰበሰቡት በአምቦና አውራ ጎዳናውን ተከትለው ባደጉት ከተሞች ነው። ትምህርቱ፣ ዘመዱ፣ ትራንስፖርቱና የግል ክሊኒኩ ያለው በዚያ ነውና። ታማሚው ግን በአመዛኙ የሚኖረው መንገዱን ለቆ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው።

፪. ከምደባ ዘመን ወደ ሥራ ፍለጋ ዘመን

«የነርሶች የሥራ ገበያ» የሚለው አነጋገር ራሱ በኢትዮጵያ አዲስ ነው። የመጀመሪያው የነርስ ትምህርት ቤት በ1940ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ ማለትም በዛሬው የካቲት 12 ሆስፒታል፣ በቀይ መስቀል ማኅበር ሥር ሲከፈት፣ የተማሪዎቹ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የሚፈልጓቸው ሐኪም ቤቶች ግን ብዙ ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መላክን ዓላማው አድርጎ ተነሣ። በዚያም ዘመን፣ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በመጣውም መንግሥት ዘመን፣ ነርስ ስትመረቅ የምትሄድበትን ቦታ የሚነግራት መንግሥት ነበር። ምደባው ሊያስከፋት ይችላል፤ ሥራ አጥታ የምትቀርበት ሁኔታ ግን አልነበረም።

ያን ዘመን በሚመለከት አንድ የታሪክ እውነት መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ከዚሁ ከአምቦ መንገድ ጋር የተያያዘ ነውና። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል፣ የነርስነት ሙያ ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. የተመሰከረላቸው ነርስ ሆኑ። ከድል በኋላ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ ወደ ነቀምቴ አብረው ሄዱ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው በወሊድ ምክንያት በዚያው አረፉ። በስማቸው የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል ኋላ የነርስ ትምህርት ቤት ሆኖ ብዙዎችን አስመርቋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የነበሩ፣ ራሳቸውም ሙያውን የሚያውቁ ሴት ባረፉበት መንገድ ላይ፣ የተራዋ ገበሬ ሚስት ዕጣ ምን እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። በወሊድ ሰዓት ከሞት የሚያድነው በቅርብ ያለ፣ ሌሊትም የሚነሣ፣ ዕቃው የተሟላለት ባለሙያ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የግል የጤና ተቋማትና የግል ኮሌጆች ተፈቀዱ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማራ። የጤና ጣቢያዎችም ቁጥር ከጥቂት መቶዎች ተነሥቶ ከ3,000 አለፈ። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ብዙ ሕፃናትንና እናቶችን ከሞት አድነዋል። ይሁን እንጂ ግንባታው በተስፋፋበት ወቅት ምሩቁን ሁሉ ይቀበል የነበረው መዋቅር፣ የተገነቡት ጤና ጣቢያዎች አንድ ጊዜ በሰው ከተሞሉ በኋላ ፍጥነቱ ቀነሰ። ኮሌጆቹ ግን በቀድሞው ፍጥነት ማስመረቃቸውን ቀጠሉ።

ምሩቁ የሚያልፋቸው በሮችም በዙ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሙያ ፈቃድ ፈተና፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለዲግሪ ምሩቃን የመውጫ ፈተና ተደንግጓል፤ የደረጃ 4 ሠልጣኞችም የብቃት ምዘና አለባቸው። የታማሚው ደኅንነት እንዲጠበቅ ፈተና ማስፈለጉ አያጠያይቅም። ነገር ግን ሁሉንም ፈተና ያለፈች ነርስ በመጨረሻ የምትደርሰው «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያላት» ከሚል ማስታወቂያ ፊት ሲሆን፣ ልምዱን ከየት እንድታመጣው እንደ ተፈለገ የሚነግራት የለም።

፫. መደብ እንዴት ይፈጠራል?

እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ማድረግ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሺህ ሕዝብ 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች እንዲኖሩ እንደ መለኪያ ያቀርባል። የምዕራብ ሸዋ ሕዝብ የ1999ኙን ቆጠራ ያህል፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ ዞኑ ወደ 9,000 የሚጠጉ ባለሙያዎች ያስፈልጉታል ማለት ነው። በሌላ በኩል በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መዋቅር መሠረት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ያገለግላል። ለ25,000 ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ ቢታሰብ ለ2 ሚሊዮን ሕዝብ 80 ጤና ጣቢያ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ለምሳሌ ያህል 10 ነርስ ቢመደብ ጠቅላላው 800 ነው። ሆስፒታሎቹ ይህንን ብዙ እጥፍ ያደርጉታል ቢባል እንኳ፣ መዋቅሩ በሚሰጠው መደብና ሕዝቡ በሚያስፈልገው ባለሙያ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ሆኖ ይቀራል። መደቡ ሁሉ ቢሞላም ሕዝቡ ነርስ ያንሰዋል ማለት ነው።

ሌላም ስሌት አለ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ቢሠራ፣ በአንድ የማዋለጃ ክፍል ቀንም ሌሊትም አንድ ሰው ብቻ እንዲገኝ ለማድረግ ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል፤ የዓመት ዕረፍት፣ የወሊድ ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ አምስት ይሆናል። አምስት ሰው ሊመደብበት በሚገባው ቦታ ሁለት ሰው ያለው ጤና ጣቢያ ሌሊቱን ባዶ ይተወዋል፤ አለዚያም ሁለቱን ሰዎች ያደክማል። በአምቦ እቤቷ የተቀመጠችው ምሩቅ የጎደለችው ሦስተኛዋ ነበረች።

ታዲያ መደቡ ለምን አይከፈትም? የጤና ጣቢያ ነርስ ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳው በጀት ነው። ወረዳው በጥቅል ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ የመምህሩን፣ የግብርና ባለሙያውን፣ የጸሐፊውንና የጥበቃውን ደመወዝ ይከፍላል፤ ለመንገድ፣ ለውኃና ለነዳጅ የሚተርፈውም ትንሽ ነው። ጤና ጣቢያዎች ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ከተፈቀደላቸው ወዲህ ለመድኃኒትና ለዕቃ መግዣ ጠቅሟቸዋል፤ ለቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ግን አይውልም። ስለሆነም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሦስት ነርስ እንደሚያስፈልገው ቢያውቅም፣ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ለአንድ ብቻ ይፈቅዳል፤ አንዳንድ ዓመትም ምንም አይፈቅድም። ፍላጎት በሽታ ባለበት ሁሉ አለ፤ መደብ ግን የሚፈጠረው ገንዘብ በተፈቀደለት መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

የደመወዝም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የጤና ባለሙያዎች በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ጥያቄያቸውን በአደባባይ አሰምተዋል። በ2018 ዓ.ም. መባቻ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያም የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ9,056 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ከኑሮው ውድነት አንጻር ሲመዘን አይበዛም። ሆኖም የወረዳው በጀት በዚያው መጠን ካላደገ፣ ቀድሞ አምስት ነርስ ይቀጥር የነበረው ገንዘብ አራት ያህል ብቻ ይቀጥራል። በሥራ ላይ ያለችው ነርስ ያገኘችው ጭማሪ ደጅ የቆመችውን ምሩቅ ዕድል እንዳያጠብበው ሁለቱን አብሮ ማቀድ ያስፈልጋል።

፬. ክልል ከክልል ሲነጻጸር

አንዳንድ ሰዎች መፍትሔው ቀላል ነው ይላሉ፤ በሸዋ ሥራ ከጠፋ ወደ ሌላ ክልል ይኬድ። በእርግጥ የአገሪቱ ገጽታ አንድ ዓይነት አይደለም። በአዲስ አበባ የግል ሆስፒታልና ክሊኒክ በብዛት ይገኛል፤ ነገር ግን ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ምሩቅም የዚያኑ ያህል ነው፤ ቀጣሪውም ልምድ ያለውን ይመርጣል። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች ለብዙ ዘመን የባለሙያ እጥረት ስለ ነበር፣ ከመሐል አገር የሚሄዱ ነርሶች ቶሎ ይቀጠሩ ነበር። ዛሬ እነዚህም ክልሎች የራሳቸውን ልጆች እያሠለጠኑ ነው፤ ይህም የሚገባ ነው።

የቋንቋም ነገር አለ። በምዕራብ ሸዋ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የግንደበረት ገበሬ ሕመሙን የሚናገረው በእርሱ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ግን ተማሪን ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ ይቀበላሉ። ጎንደር ወይም ወላይታ አድጋ አምቦ የተማረች ምሩቅ አፋን ኦሮሞን ካልቻለች በዞኑ ጤና ጣቢያ መሥራት ይከብዳታል፤ ከጌዶ ተነሥቶ ጎንደር የተማረው ወጣትም አማርኛውን በሚገባ ካልያዘ እንደዚያው ነው። ታማሚን በቋንቋው ማነጋገር የሕክምናው አካል ስለሆነ መሥፈርቱ አላግባብ አይደለም። የሚያስፈልገው በአራት ዓመት ትምህርት ውስጥ የአካባቢውን ቋንቋ ለመማር ዕድል መስጠት ነው።

ከሁሉ የከበደው የጸጥታው ነገር ነው። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ የቆየው ግጭት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይና በአጎራባች ክልሎች የተካሄደው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ ብዙ የጤና ተቋማትን ጎድተዋል። የ22 ዓመት ልጁን ወደማያውቀው ወረዳ የሚልክ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ደመወዙ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው።

ወደ ውጭ አገር መሄድስ? በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የነርሶች ሪፖርት በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንደ ነበሩ፣ 5.8 ሚሊዮን ደግሞ እንደ ጎደሉ ያስረዳል። ከነርሶቹ 78 በመቶ የሚሆኑት የሚገኙት ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የማይሞላው በሚኖርባቸው አገሮች ነው። ይኸው ድርጅት የባለሙያ እጥረታቸው የከፋ ናቸው ብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. ከዘረዘራቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሥራ ፍለጋ የሚሄደውን ወጣት መውቀስ አይገባም። ግን በመንግሥትና በወላጅ ገንዘብ የተማረች ነርስ በሙያዋ መቀጠሯ ቀርቶ በሰው ቤት ሠራተኛነት ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ከሆነ፣ አገሪቱ ሁለት ጊዜ ትከስራለች።

፭. ምን ይደረግ?

በ2010 እ.ኤ.አ. ሃንሰንና ጃክ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ገጠር ለመሄድ ምን እንደሚያነሣሣቸው ያጠኑትን አሳትመው ነበር። የገጠሩ ደመወዝ እጥፍ ቢሆን ወደዚያ ለመሄድ ፈቃደኛ የሚሆኑት ነርሶች ከ4 በመቶ ወደ 27 በመቶ ከፍ እንደሚሉ ደረሱበት። ከደመወዝ ውጭ ካሉት ነገሮች ሁሉ ነርሶቹን ይበልጥ የሚስበው ደግሞ የመሣሪያና የመድኃኒት መሟላት ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ብቻውን ደመወዝን በ57 በመቶ ከማሳደግ ጋር እኩል ሚዛን ነበረው። ነርሷ የተማረችውን የምትሠራበት ዕቃ እንዲኖራት ትሻለች። ውኃ በሌለው ክፍል ማዋለድ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት በእጅ ስልክ ብርሃን ደም ሥር መፈለግ፣ ማቀዝቀዣው ስለቆመ የተበላሸ ክትባት መጣል ሙያውን ያስጠላል።

የማኅበሩ አባላት ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ የሚነድፈው፣ የሚገነባውና የሚረከበው መሐንዲስ ነው። ግድግዳና ጣሪያው ተጠናቆ፣ ውኃው «በሁለተኛ ምዕራፍ»፣ መብራቱ «መስመር ሲደርስ»፣ የሠራተኛ መኖሪያው «በጀት ሲገኝ» ተብሎ ሲቀር፣ ሕንፃው ቆመ ይባላል፤ የነርስ መደብ ግን አልቆመም። ሁለት ክፍል መኖሪያ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ በመጀመሪያው ውል ውስጥ ቢገቡ የሚጨምሩት ወጪ ከጠቅላላው ሲነጻጸር መጠነኛ ነው። ኋላ ለብቻ ሲሠሩ ግን ዋጋቸው ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይሠሩም።

ለሚመለከታቸው ክፍሎች ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ ወረዳ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የሚከፍተውን የነርስ መደብ መዝግቦ እንዲያሳውቅ፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎችም የሚቀበሉትን ተማሪ ቁጥር በዚያ እንዲመዝኑ ነው። ሁለተኛው፣ በዞን ደረጃ የክፍት ቦታዎች አንድ የጋራ መዝገብ እንዲኖር ነው። ማስታወቂያ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲለጠፍ፣ ከባኮ እስከ ጊንጪ እየተመላለሰ የሚያነብ የትራንስፖርት ገንዘብ ያለው ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ ፈተናውን ያለፉ ምሩቃን በገጠር ጤና ጣቢያ አንድ ዓመት በመጠነኛ አበል አገልግለው፣ ያ ዓመት እንደ ሥራ ልምድ እንዲቆጠርላቸው ነው። ነርስነት የእጅ ሙያ ነው፤ ሁለት ዓመት ሥራ የፈታ እጅ መርፌውንም ወላዷንም ይፈራል። ይህ አበል ሙያው እንዳይጠፋ የሚከፈል ነውና እንደ ምጽዋት አይታይም። የአንድ ዓመቱ አገልግሎት ግን ቋሚ መደብ የማይከፈትበት ሰበብ እንዳይሆን፣ የመጀመሪያው ሐሳብ አብሮት መፈጸም አለበት።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው ደግሞ በአቅሙ ያለ ሥራ ነው። በአምቦ መንገድ ላይ የሚሠሩ አባላት ከጊንጪ እስከ ባኮ፣ ከጀልዱ እስከ ጥቁር እንጭኒ ያሉትን ጤና ጣቢያዎች በአንድ ወቅት ተከፋፍለው ቢያዩ፣ የትኛው ውኃ እንዳለው፣ የትኛው መብራት እንዳለው፣ በየትኛው የሠራተኛ መኖሪያ እንዳለ፣ የጎደለውን ለማሟላት ምን ያህል ወጪ እንደሚያስፈልግ በዝርዝር ጽፈው ለዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት ቢያስረክቡ፣ ከብዙ አቤቱታ የበለጠ ይረዳል። የወረዳው አስተዳዳሪ በጀት ሲከራከር በእጁ የሚይዘው ቁጥር ይኖረዋል። ምሩቋም ወደ ግንደበረት ሂጂ ስትባል የምትሄድበት ቤት ውኃና መብራት እንዳለው አስቀድማ ታውቃለች። ዝርዝሩ ለሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ጉባኤ ዛሬ ሊወስን የሚችለው ነገር ነው።